ምዕራፍ 7፦ የሽምብራው ማሳና የመጸው እንግዶች

አብዛኛው የእህል ዘር ክረምቱን ተቀብሎ በዝናሙ ሲበቅልና ሲፋፋ፣ ሽምብራ ግን ዝናሙ ካባራ በኋላ፣ ጥቁሩ መሬት ከክረምቱ ውሃ አስቀርቶ በሆዱ የያዘውን እርጥበት ብቻ እየተመገበ፣ የቀኑን ፀሐይና የሌሊቱን ቁር ችሎ ፍሬ የሚሰጥ በመሆኑ፣ ከአዝርዕት መካከል እንደ መናኝ የሚቈጠር ተክል ነው። በአዳኣና በግምቢቹ፣ በበቾና በምንጃር፣ እንዲሁም ከጣና በስተሰሜን በደምቢያ ሜዳ ያለው ገበሬ፣ በአንዱ አገር ኮትቻ በሌላው ዋልካ የሚባለውን ያን ጥቁር አፈር አርሶ፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ዘሩን ይዘራል፤ በዘመነ ጽጌ ማሳው አረንጓዴ ይለብሳል፤ በኅዳር አበባው ይፈነዳል፤ በታኅሣሥ ቆባው ፍሬ ይቋጥራል፤ በጥርና በየካቲትም በእጅ እየተነቀለ አውድማ ይገባል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ይልቅ ብዙ ሽምብራ የምታመርት ናት፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ደግሞ ሽሮው ከድሃውም ከባለጸጋውም ማዕድ ስለማይለይ፣ የዚህ ተክል ደኅንነት የገበሬው ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡ ሁሉ ጉዳይ ነው።

ገበሬው ዘሩን በሚዘራበት በዚያው ወራት፣ እርሱ ሳይጠራቸውና ሳያስተውላቸው፣ ከሰሜን ወገን እጅግ ብዙ መንገደኞች ይመጣሉ። በአውሮጳና በእስያ ብርዱ ሲጀምርና ነፍሳቱ ሲጠፉ፣ በዚያ ጎጆ ሠርተው ጫጩት ያሳደጉት ነፍሳት በል አዕዋፍ ባሕሩንና በረሃውን ተሻግረው ወደ እኛ ደጋ ይወርዳሉ። ክብደቷ ወደ 17 ግራም ብቻ የሚደርስ፣ ጅራቷን ዘወትር የምትወዘውዘው ቢጫ ወፍ ከሩቅ ከሩስያ ምድር ሳይቀር ትመጣለች፤ በተሰነጠቀው ኮትቻ ጓል ላይ ቀጥ ብላ እየቆመች ነጭ የጅራት ሥሯን እያሳየች የምትሮጠው ትንሽ ወፍ ትመጣለች፤ ነቢዩ ኤርምያስ የመምጫና የመሄጃ ወራቷን በማወቋ ለሰው ልጆች ምሳሌ ያደረጋት ሽመላም ትመጣለች። መምጣታቸው በመስከረምና በጥቅምት፣ መመለሳቸውም በመጋቢትና በሚያዝያ ነው። እንግዲህ ሽምብራው በማሳ የሚቆይበትን ወራትና እንግዶቹ በአገራችን የሚሰነብቱበትን ወራት ጎን ለጎን አስቀምጦ የተመለከተ ሰው፣ የሽምብራው ዕድሜ ከእነዚህ ወፎች ቆይታ ውስጥ ከሞላ ጎደል እንደሚጠቃለል ያያል። ይህ መገጣጠም ለገበሬው ምን ጥቅም እንደሚያስገኝ፣ ጥቅሙስ በምን ምክንያት እየቀነሰና እየጠፋ እንደሚሄድ መግለጽ የዚህ ምዕራፍ ሥራ ነው።

አስቀድሞ ግን ጠላቱን ማወቅ ይገባል። የሽምብራ ዋነኛ ጠላት ጓይ ትል የምትባለው ናት፤ እርስዋም በሌሊት የምትበር፣ በቀን ከቅጠል ሥር የምትደበቅ የእሳት ራት ልጅ ስትሆን፣ እናቲቱ በሕይወቷ ዘመን እስከ 1,000 የሚደርስና አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ እንቁላል፣ በአንድ ስፍራ ሳትከምር፣ ለየብቻው በቅጠልና በእንቡጥ ላይ እየበተነች ትጥላለች። ከጥቂት ቀን በኋላ የምትፈለፈለው ትል መጀመሪያ ለዓይን የምታስቸግር ቀጭን ክር ናት፤ ለስላሳውን ቅጠል ትፍቃለች፤ ከዚያም ቆዳዋን ደጋግማ እየቀየረች ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ታድጋለች፤ መልኳም አንድ ጊዜ አረንጓዴ፣ አንድ ጊዜ ቡናማ፣ አንድ ጊዜም ቀላ ያለ ይሆናል። ቆባው ፍሬ በቋጠረ ጊዜ ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ማሳ ገብቶ አንዱን ቅርንጫፍ በጣቱ ቀና ያደረገ ሰው፣ ትሏን በሥራዋ ላይ ያገኛታል፤ በቆባው ጎን ልክ በመሰርሰሪያ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ ከፍታ፣ ራሷንና ትከሻዋን ወደ ውስጥ አግብታ፣ የኋላ አካሏን ከውጭ ትታ፣ ፍሬውን እየፈጨች ትበላለች፤ አንዱን ሳትጨርስ ወደ ሌላው ታልፋለች። ስለዚህ የምታጠፋው ከምትበላው እጅግ ይበዛል፤ አንዲት ትል ብቻዋን በርካታ ደርዘን ቆባ ባዶ ልታደርግ ትችላለች።

በዚህ ላይ የሽምብራው የራሱ ጠባይ ያስከተለው አንድ እንግዳ ነገር አለ፤ እኔ በዚህ ጉዳይ ካነበብሁትና ካየሁት ሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ይህ ይመስለኛል። በሽምብራ ማሳ ውስጥ በጠዋት የተመላለሰ ሰው እግሩን ሲያሳክከው፣ እሸቱን ከነቅጠሉ ወደ አፉ ያስጠጋም ከንፈሩን ሲኮመጥጠው የሚያውቀው ነገር ነው፤ የዚህም ምክንያት ቅጠሉንና ቆባውን የሸፈኑት ጥቃቅን ጸጉሮች ማሊክና ኦክሳሊክ የሚባሉ አሲዶችን የተቀላቀለ ፈሳሽ ስለሚያመነጩ ነው። ይህ አሲድ ብዙ ነፍሳትን ያርቃል፤ ሽምብራ ከሌሎች ጥራጥሬዎች ይልቅ የጠላቱ ቍጥር ያነሰው በእርሱ ነው። ጓይ ትል ግን ትችለዋለች። የማይችሉት ደግሞ ወዳጆቻችን ናቸው፤ በሌላ ሰብል ላይ የጓይ ትልን እንቁላል እየፈለጉ በውስጡ የሚፈለፈሉት፣ ትሪኮግራማ የሚባሉት እጅግ ደቃቅ ተርቦች፣ በሽምብራ ላይ ሥራቸውን ሊሠሩ ይሳናቸዋል። ትሏን ገና በልጅነቷ የሚወጓት ሌሎች ተርቦች በሽምብራም ላይ ቢገኙ፣ አድጋ ቆባ መብሳት የጀመረችውን ግን አይነኳትም። ተክሉ ራሱን ሊከላከልበት ያበጀው ጋሻ ከጠባቂዎቹ ከፊሉን ስላስወጣበት፣ በዚያ የቀረውን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው አሲዱ የማይነካው፣ በላባ የተሸፈነና ከላይ የሚመለከት ፍጥረት ነው።

የእነዚህ አዕዋፍ አሠራርም የተለያየ ነው። ከእንግዶቹ ሌላ ዓመቱን ሙሉ ከእኛ ጋር የሚኖሩ አሉ። ከነዚህም አንዷ ከላይ ጥቁር፣ ከታች ነጭ ላባ ያላት፣ ጅራቷ ረዘም ያለ፣ የምንቃሯ ጫፍ የቆለመመ ወፍ ናት፤ በማሳ ዳር ባለ እሾህ ወይም በአጥር ግንድ ጫፍ ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ ያላያት የደጋ ሰው የለም። አቀማመጧን ታግሦ የተመለከተ ሰው ሥራዋ ሥርዓት እንዳለው ይረዳል፤ ራሷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞረች መሬቱን ትመረምራለች፤ ከዚያ ድንገት ክንፏን ከፍታ ወደ ሽምብራው ትወርዳለች፤ ትሏን ከወገቧ በምንቃሯ ይዛ ወደ መቀመጫዋ ትመለሳለች፤ በግንዱ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ትቀጠቅጣታለች፤ ከጠገበችም በግራሩ እሾህ ላይ ሰክታ ለኋላ ታስቀምጣታለች። ይህች ወፍ ግን መቀመጫ በሌለበት ስፍራ አትሠራም፤ ማሳው ሰፊና ዛፍ አልባ ከሆነ ዳር ዳሩን ብቻ ጠብቃ መሃሉን ለትሉ ትተዋለች።

በመሬት ላይ የሚሠሩት ደግሞ ሌሎች ናቸው። ጓይ ትል እድገቷን በጨረሰች ጊዜ ከተክሉ ወርዳ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ አፈሩ ትገባና ፑፓ የሚባለውን ቡናማ፣ ደረቅ ልባስ ለብሳ፣ ክንፍ አውጥታ እስክትወጣ ድረስ በድን መስላ ትቆያለች። በዚህ ጊዜ የሚደርስባት ረጅም ምንቃር ያለው ብቻ ነው። አክሊል መሰል ጉትዬ ያላት ጅንጁላቴ ወፍ ለዚህ የተፈጠረች ያህል ናት፤ በአውሮጳ የጥድ ደን አጥፊ የሆነውን ትል ፑፓ ከመሬት ውስጥ እየቆፈረች እንደምታወጣ በዚያ ያሉ ሊቃውንት በሚገባ መዝግበዋል። በእኛ አገርም በማለዳ ጩኸቷ መንደሩን የምትቀሰቅሰው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በሌላ ምድር የማትገኘው ጋጋኖ በመንጋ ሆና እርሻውንና መስኩን በምንቃሯ ስትወጋ ትውላለች።

በገበሬዎቻችን ዘንድ ወፍ ሲባል አስቀድሞ ትዝ የሚለው ግሪሳ መሆኑ የማያስደንቅ ነው፤ ማሽላውን ለመጠበቅ ልጅነቱን በማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ላሳለፈ ሰው ክንፍ ያለው ሁሉ ሌባ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም። ነገር ግን ምንቃሩን ማየት ብቻ ብዙ ፍርድ ያቃናል። እህል የሚፈለፍለው ምንቃር አጭር፣ ወፍራምና ሥሩ ሰፊ ሲሆን፣ ነፍሳት የሚለቅመው ግን ቀጭንና ሹል፣ ወይም ረጅም፣ ወይም ጫፉ የቆለመመ ነው። በወንጭፍ ድንጋይ የሚባረረው ባለ ቀጭን ምንቃር ሁሉ የማሳው ባለውለታ ነው።

በዓለም ያሉ ነፍሳት በል አዕዋፍ በአንድ ዓመት ከ400 እስከ 500 ሚሊዮን ቶን የሚመዝን ነፍሳትና የነፍሳት ዘመድ የሆነ ፍጥረት እንደሚበሉ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ገምቷል። ይህን የመሰለ ቍጥር ሰምቶ ወፎች ባሉበት ትል አይኖርም ብሎ የሚደመድም ሰው ግን ይሳሳታል፤ የወፎች ኃይል ወሰን አለውና። ወሰኑን በጥንቃቄ ከመረመሩት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ፣ ሁለት ወንድሞቹ በተለያየ ዘመን የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት የሆላንዱ ሊቅ ሉክ ቲንበርገን ነው። እርሱ በአገሩ የጥድ ደኖች ውስጥ ወፎች ለጫጩቶቻቸው የሚያመጡትን ትል እየቈጠረ ከደኑ ትል ብዛት ጋር ሲያመዛዝን፣ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1960 በታተመው ሥራው እንደ ገለጸው፣ አንድ የትል ዓይነት ጥቂት በሆነ ጊዜ ወፎቹ እንዳላዩት ያልፉታል፤ በዛ ብሎ ደጋግመው በተገናኙት ጊዜ ዓይናቸው መልኩንና ቅርጹን ይማርና ከብዛቱ ተመጣጣኝ በላይ ይለቅሙታል፤ ከልክ በላይ በፈላ ጊዜ ደግሞ የወፏ ሆድ ወሰን ስላለውና አንድ ዓይነት ምግብም ስለሚሰለቻት፣ ከመቶው የምትወስደው እጅ እየቀነሰ ይሄዳል።

ከዚህ የምንረዳው፣ የወፍ አገልግሎት ትሉ ማሳውን ካለበሰው በኋላ የሚጠራ የእሳት አደጋ አገልግሎት አለመሆኑን ነው። ወፎች የሚጠቅሙት ትሉ በመካከለኛ ቍጥር ሳለ፣ ወደ መቅሠፍት እንዳይደርስ ከታች ይዘው በማቆየት ነው፤ ይህም ሥራ ከሚታየው ይልቅ የማይታየው ስለሚበዛ፣ ምስጋናው ይቀርባቸዋል። ጥቅሙ ግን ሲመዘን ትንሽ አይደለም። በዚያው በሆላንድ በፖም አትክልት ቦታ ውስጥ የወፍ ጎጆ የሚሆን ሳጥን ሰቅለው የሞከሩ ተመራማሪዎች፣ ወፎቹ በሰፈሩበት ስፍራ የአንዱ ዛፍ ምርት ከ4.7 ወደ 7.8 ኪሎ ግራም ከፍ ማለቱን እ.ኤ.አ. በ2002 አስታውቀዋል። የእኛ እንግዶች ግን ሽምብራው በማሳ ባለበት ወራት ጎጆ አይሠሩም፤ ጎጇቸው በሰሜን ነው። ከእኛ የሚፈልጉት ምግብና ማረፊያ ብቻ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት ለመመለሻው ጉዞ ስብ ማከማቸት ስላለባቸውም ምግባቸውን በብርቱ ይሻሉ።

ለወፎች በማሳ ውስጥ ማረፊያ ማዘጋጀትን በተግባር ሥርዓት ያበጁለት የሕንድ ገበሬዎችና ሊቃውንት ናቸው። ሕንድ ከዓለም ሽምብራ እጅግ የሚበዛውን የምታመርት አገር ስትሆን፣ በሐይደራባድ አጠገብ በፓታንቸሩ እ.ኤ.አ. በ1972 የተቋቋመው ኢክሪሳት የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ሽምብራንና የርግብ አተርን ከሚያጠናቸው ሰብሎች ውስጥ አድርጓል። በዚያ የተለመደው ዘዴ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ነው፤ ከሰብሉ ከፍ ያለ እንጨት በራሱ ላይ አግድም ተሻጋሪ ተደርጎለት፣ በአንድ ሔክታር ከ20 እስከ 50 ያህል በማሳው ውስጥ ይተከላል፤ ወይም ከሽምብራው ጋር ጥቂት የሱፍ ወይም የማሽላ ዘር አልፎ አልፎ ይዘራና የቆመው አገዳ ለወፍ መቀመጫ ይሆናል። ድሮንጎ የሚባለው ጅራተ መንታ ጥቁር ወፍና ማይና በዚህ ላይ ተቀምጠው ዳሩን ብቻ ሳይሆን መሃሉንም ይጠብቃሉ። ከዚህም ሌላ የቀድሞ አባቶች ያደርጉት የነበረ፣ ተረስቶ የቆየና በኋላ ተመራማሪዎቹ ያደሱት ልማድ አለ፤ የርግብ አተሩን ተክል ግንድ ይዘው በቀስታ ሲያነቃንቁት ትሎቹ በሥሩ በተዘረጋው ጨርቅ ላይ ይረግፋሉ፤ የቤት ዶሮዎችም ይለቅሟቸዋል።

በዚሁ አገር የታወቀ አንድ ሌላ ነገር ደግሞ የፍጥረትን ሥርዓት ረቂቅነት ያሳያል። ጓይ ትልን የሚገድል፣ ለሰውና ለእንስሳ ግን ምንም ጉዳት የሌለው ቫይረስ አለ። በቫይረሱ የተያዘች ትል ልትሞት ስትል ወደ ተክሉ ጫፍ ትወጣና በዚያ ትንጠለጠላለች፤ ስለዚህ ከጤነኞቹ ይልቅ ለወፍ ዓይን የተጋለጠች ትሆናለች። ወፏም ትበላታለች። ቫይረሱን የሸፈነው ቅርፊት የሚሟሟው እንደ ትል ሆድ ባለ አልካላይን ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ የወፍ ሆድ ግን አሲዳማ ስለሆነ ቫይረሱ ሳይፈታ ያልፍና ወፏ ወደ ሌላ ማሳ በርራ ኩሷን በጣለች ጊዜ በአዲስ ቅጠል ላይ ያርፋል። በዚያ ቅጠል የተመገበች ትል በተራዋ ትታመማለች። አንዲት ወፍ ከበላችው ሌላ ያልበላችውንም ታጠፋለች ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሕንዶቹ እንጨት ተክለው የሚያበጁት መቀመጫ ለእኛ ከጥንት ጀምሮ የተሰጠ ነበር። በአዳኣና በአካባቢው በእርሻ መሃል ቆሞ የምናየው፣ ገርቢ የሚባለው የግራር ዘር፣ ከዛፎች ሁሉ በተለየ ጠባይ ቅጠሉን በክረምት አራግፎ በበጋ ይለብሳል፤ ሽምብራው በማሳ ባለበት ወራት እርሱ ለምለም ነው። ገበሬው ቅጠሉን ለከብት መኖ፣ እርግፋፊውን ለመሬቱ ማዳበሪያ ይሻዋል፤ እኔ ግን በዚህ ላይ የጠባቂ ወፎች ማማ መሆኑን እጨምራለሁ። እንግዲህ ዛፉ ለከሰል በተቆረጠ ቍጥር የሚጐዳው ጥላው ብቻ አይደለም። በየደብሩ ዙሪያ የተረፈው የቤተ ክርስቲያን ደንም ለብዙ አዕዋፍ የሌሊት ማደሪያ በመሆኑ፣ ካህናቱ ያን ደን በመጠበቃቸው በዙሪያው ላለው ማሳ ሳያስቡት ትልቅ ውለታ ውለዋል። ዛፍ በጠፋበት ሜዳ ግን ገርቢው እስኪያድግ ድረስ የሕንዱ ዘዴ በማግሥቱ ሊጀመር ይችላል፤ አሮጌ የአጥር እንጨትና የማሽላ አገዳ በየቤቱ አለ። ወፍ ከሌላ አገር ማምጣት ግን ፈጽሞ አያስፈልግም፤ ማይናን እ.ኤ.አ. በ1762 አንበጣ እንድታጠፋ ከሕንድ ወደ ሞሪሽየስ ደሴት ወስደዋት፣ ከዚያ ወዲህ በብዙ ደሴቶች ተዛምታ የአገሬውን ወፎች ከጎጇቸው የምታፈናቅል ሆናለችና፣ በገዛ ራሳቸው የሚመጡትን መቀበል ይበቃል።

የመርዝ ነገር ደግሞ በብርቱ ያሳስበኛል። ገበሬ ሰብሉ በዓይኑ ፊት ሲበላ መርዝ ቢረጭ ሊወቀስ አይገባም፤ ነገር ግን ጓይ ትል መርዝን የመልመድ ኃይሏ እጅግ ትልቅ ስለሆነ፣ ፓይሬትሮይድ የሚባለውን የመርዝ ወገን በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1983፣ በሕንድም በ1987 ተቋቁማው ተገኝታለች። ወፎቹ ግን መርዝን አይለምዱም። ይህን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው በአርጀንቲና የደረሰው ነገር ነው። በሰሜን አሜሪካ የሚራቡ፣ ለክረምቱ ወደ ደቡብ የሚወርዱና በዚያ ፌንጣ እየበሉ የሚሰነብቱ የጭልፊት ወገኖች፣ እ.ኤ.አ. በ1995ና በ1996 መካከል በነበረው በጋ በአልፋልፋና በሱፍ ማሳ ላይ ለፌንጣ የተረጨውን ሞኖክሮቶፎስ የተባለ መርዝ በምግባቸው ተቀብለው ከ5,000 የሚበልጡት ሬሳቸው ተገኘ፤ በጠቅላላው የሞቱት ግን 20,000 ሊደርሱ እንደሚችሉ ተገመተ። አልፋልፋ እንደ ሽምብራ ሁሉ ከጥራጥሬ ቤተ ሰብ የሆነ ተክል ነው፤ ወፎቹም ለገበሬው የሚጠቅመውን ሥራ በመሥራት ላይ ሳሉ ነው የሞቱት። መርዝ የግድ በሚሆንበት ጊዜ እንኳ፣ በማሳው ውስጥ ተዘዋውሮ የትሉን ብዛት ሳይቈጥሩ፣ ለወፎችም ብርቱ የሆነውን ዓይነት ሳይለዩ መርጨት፣ ትሉን ለጊዜው አጥፍቶ ጠባቂውን ለዘለቄታው ማጥፋት ይሆናል።

ሽምብራው ተነቅሎ አውድማ ከገባ በኋላም ሥራው አያበቃም፤ ከሞት ያመለጡት ትሎች በአፈር ውስጥ ፑፓ ሆነው ይጠብቃሉና። ኮትቻ ፈጽሞ ከደረቀ ማረሻ ስለማይገባው፣ ገበሬው ከነቀላው በኋላ ሳይዘገይ፣ ጥቂት እርጥበት ሳለ አንድ ጊዜ ቢያርሰው ፑፓዎቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከፊሉን ፀሐይ ያደርቀዋል፤ የቀረውንም በሬዎቹን በየትልሙ የሚከተሉት ነጫጭ ሳቢሳዎች፣ ጅራተ ወዝዋዦቹና ሽመላዎቹ ይለቅሙታል። ይህ እርሻ ከመጋቢት በፊት መሆን ይኖርበታል፤ ከዚያ በኋላ የሰሜኖቹ ወፎች ስለሚነሡ፣ በማሳው ላይ የሚቀሩት እንደ ሳቢሳ፣ ጋጋኖና ጅንጁላቴ ወፍ ያሉት የአገሬው ወፎች ብቻ ናቸው።